የመጨረሻው ሳይክለኛ እስኪያልፍ፦ በብስክሌት ጉዞ ቀን ማረፊያ ጣቢያ እንዴት ይያዛል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ እሁድ ሱሉልታ መንገድ ላይ ማረፊያ ጣቢያ ተመድቤ ነበር። ወደ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ ሰው ከመኪና መስኮት አንገቱን አውጥቶ «ሁሉም አልፏል፣ ሰብስቡ» አለን። ሰበሰብን። ጠረጴዛውን አጠፍን፣ የተረፈውን ውሃ ደፋን፣ የተረፈውን ሙዝ ለልጆች አከፋፈልን። ታክሲ እየጠበቅን ሳለ አንዲት ልጅ ሳይክሏን እየገፋች ከዳገቱ ብቅ አለች። ግንባሯ ላይ ላቧ ደርቆ ነጭ ጨው ሠርቷል። የውሃ መያዣዋ ባዶ ነው። የታጠፈውን ጠረጴዛ አየች፣ እኛን አየች፣ ከዚያ ቀስ ብላ «አልቋል?» አለች።

የደፋነው ውሃ ገና መሬቱ ውስጥ ሰርጎ አላለቀም ነበር። ከአንዷ ጓደኛችን ቦርሳ ግማሽ ሃይላንድ ተገኘና ሰጠናት። ጠጣች፣ አመሰገነችን፣ ሄደች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ እሁዶች ጣቢያ ይዣለሁ። አብዛኛውን ጊዜ በሰሜን በኩል ነው፤ ከአዲሱ ገበያ ተነስቶ የእንጦጦን ትከሻ ተሻግሮ ወደ ሱሉልታና ጫንጮ በሚወስደው የጎጃም መንገድ ላይ። አንዳንዴም በለገጣፎና በሰንዳፋ በኩል። ይህን የጻፍኩት ለመጀመሪያ ጊዜ በበጎ ፈቃደኝነት ለምትወጡ ነው። ሳይክል መንዳት ባትችሉ ምንም አይደለም። እንግዳ መቀበል የሚያውቅ ሰው የሥራውን ግማሽ ያውቃል። ሌላው ግማሽ ሒሳብና ትዕግስት ነው።

1. «እሺ» ከማለታችሁ በፊት ጠይቁ

አስተባባሪው ሲደውልላችሁ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ስንት ሰው ይጠበቃል? ከየት ተነስተው የት ይደርሳሉ? የእኛ ጣቢያ ስንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ነው? ለትራፊክ ፖሊስና ለአካባቢው አስተዳደር ተነግሯል ወይ? ከሁሉም ኋላ የሚመጣው መኪና የማን ነው፣ የሹፌሩስ ስልክ?

የመጨረሻው ጥያቄ ሳይመለስላችሁ አትለፉ። «እሱ ቀላል ነው፣ እዚያው ትነጋገራላችሁ» ከተባላችሁ ቀላል አይደለም ማለት ነው።

ከዚያ ሰዓቱን ራሳችሁ አስሉ። ጉዞው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይጀምራል እንበል፣ ጣቢያችሁም 20ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ጎበዙ በአንድ ሰዓት ይደርስባችኋል። ሳይክል የተከራየ፣ ከወር በፊት መንዳት የጀመረ ሰው ግን ዳገት ላይ በሰዓት 7 እና 8 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ነው። እሱ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል። መንገድ ላይ ጎማው ቢበሳ ሌላ ግማሽ ሰዓት። ስለዚህ ከ2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ክፍት ትሆናላችሁ፣ ለጥንቃቄ እስከ 4 ተኩል። ይህን ሰዓት ለቤተሰባችሁም ንገሩ። እሁድ ከሰዓት ለቅሶ ወይም ሠርግ ያለበት ሰው ልቡ ቀድሞ ይሄዳል፣ እጁም ቀድሞ መሰብሰብ ይጀምራል።

በእኔ ልምድ ለ80 ሳይክለኛ ስድስት ሰው ይበቃል። ሁለቱ ውሃ፣ አንዱ ምግብ፣ አንዱ ሳይክል ማስቀመጫና ጥገና፣ አንዱ ቆጠራ፣ አንዱ መንገድ ዳር ቆሞ መኪና የሚያይ።

2. ቦታውን ቅዳሜ ሄዳችሁ እዩ

ካርታ ላይ ጥሩ የመሰለ ቦታ ስትደርሱ የአሸዋ መጫኛ ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ። ስለዚህ ሂዱ።

ጣቢያው መንገዱን ይዘው ሲመጡ በቀኝ በኩል መሆን አለበት። በግራ ከሆነ ሳይክለኛው ውሃ ፍለጋ አስፋልት ያቋርጣል። በዚያ መንገድ ላይ ደግሞ ሲኖትራክ አለ፣ አይሱዙ አለ፣ ሰው ለመጫን ድንገት የሚቆም ሚኒባስ አለ። ቁልቁለት ላይም አይሁን፤ ሰው በፍጥነት እየመጣ ፍሬን ሲይዝ ከኋላው ያለው ይገባበታል። ኩርባ ላይ ደግሞ በፍጹም።

ጥሩ ቦታ ዳገቱ ካለቀ በኋላ መቶ፣ ሁለት መቶ ሜትር ሜዳ ላይ ነው። ሰው ዳገቱን ጨርሶ እግሩን እያፍታታ ይመጣል፣ ከሩቅ ያያችኋል፣ ቀስ ብሎ ይቆማል። ከአስፋልቱ ጠርዝ ቢያንስ አምስት እርምጃ ወደ ውስጥ የሚገባ ደልዳላ መሬት ካለ ያንን ያዙ። ጥላ ካለ ደስ ይላል። የባህር ዛፍ ጥላ ግን ፀሐይዋ ከፍ ስትል ይሸሻል፤ በ4 ሰዓት የት እንደሚሆን ገምቱ።

ከእንጦጦ ማዶ ያለው ሜዳ ነፋሻ ነው። ሱሉልታ ከባህር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ በ4 ሰዓት ፀሐይዋ ታቃጥላለች። ሁለቱንም አስቡ።

3. ባለቤቶቹን ሰላም በሉ

መንገዱ የሁሉም ነው፣ ደጁ ግን የሰው ነው። ከፊቱ ልትቆሙ ያሰባችሁትን ቤት ቅዳሜ አንኳኩ። እኛ አብዛኛውን ጊዜ የምንቆመው አንዲት እናት ደጅ ነው። እማማ እንላቸዋለን። መጀመሪያ ቀን የሄድኩት ከአንድ ኦሮምኛ ከሚችል ጓደኛዬ ጋር ነበር። «አካም ቡልተን» ብሎ ሲጀምር ፊታቸው ተፈታ። አሁን እኔም ሰላምታውንና «ገለቶማ»ን (አመሰግናለሁ ማለት ነው) እችላለሁ። ሁለት ቃል ናት፣ ግን በሰው አገር መንገድ ላይ እንደ ባለቤት ሳይሆን እንደ እንግዳ መምጣታችሁን ትናገራለች።

ሦስት ነገር ጠይቁ። ደጃችሁ ላይ ብንቆም ቅር ይላችኋል? ሁለት ሦስት በርጩማ ታውሱናላችሁ? ሽንት ቤታችሁን ሰው ቢጠቀም ስንት እንክፈል? ሦስተኛዋ ከባድ ትመስላለች፣ ግን አትተዉዋት። ወንዱ ከዛፍ ጀርባ እሄዳለሁ ይላል (እሱም የሰው ማሳ ነው)። ሴቷ ግን ሽንት ቤት ከሌለ ውሃ መጠጣት ትተዋለች። ውሃ ሳትጠጣ ዳገት የወጣች ሰው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ራሷን ይዛ ትቀመጣለች። ክፍያውን አስቀድማችሁ ተስማሙ፣ ሶፍትና ሳሙና እናንተ አምጡ፣ ሲያልቅ አጽዱ።

ልጆቹም አሉ። በዚያ መንገድ ያለፈ ሁሉ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» የሚለውን ጩኸት ያውቀዋል። ባዶ ጠርሙሱ ለእነሱ ዋጋ አለው። ግን አንድ ሳይክለኛ ጠርሙስ ሲወረውር ልጁ የሚሮጠው ወደ ጠርሙሱ እንጂ መኪና ወደሚመጣበት እያየ አይደለም። ስለዚህ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ባዶው ሁሉ በአንድ ማዳበሪያ ይሰበሰባል፣ መጨረሻ ላይ በአንድ ትልቅ ሰው በኩል ለሁሉም ይከፋፈላል። ለሳይክለኞቹም ይህንኑ ንገሯቸው። ቃላችሁን ደግሞ ጠብቁ፤ ልጆች አይረሱም።

4. ውሃ

ለአንድ ሰው አንድ ሊትር ብላችሁ ያዙ። 80 ሰው ከሆነ አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። ለእጅና ለቁስል ማጠቢያ አንድ ጨምሩ። ሰማዩ ጥርት ካለ ሌላ አንድ። ይህ ሁሉ ለአንድ ጣቢያ ነው።

ጀሪካኑን ከመሙላታችሁ በፊት ክፈቱና አሽትቱ። ዘይት የነበረበት ጀሪካን አሥር ጊዜ ቢታጠብም ውሃው ይሸታል፤ ናፍጣ የነበረበትማ ጭራሽ አይታሰብ። የእጅ መታጠቢያውን ጀሪካን እጀታ ላይ ቀይ ጨርቅ እሰሩበት፣ እንዳይቀላቀል። ውሃውን ከቤታችሁ ቧንቧ ቅዱ እንጂ «እዚያው ምንጭ አለ» ብላችሁ አትውጡ። ሰፈራችሁ ውሃ በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ ሐሙስም ይሁን ዓርብ በመጣ ቀን ሙሉት። ቅዳሜ ማታ ደረቅ ቧንቧ ፊት የመቆም ጭንቀት ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ።

ለምን ይህን ያህል ውሃ? በከፍታ ቦታ አየሩ ደረቅ ነው። ሰው ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ ውሃ ይወጣዋል፣ ላቡም ሳይታይ በነፋሱ ይደርቃል። ስለዚህ «ብዙም አላላበኝም» የሚላችሁን አትመኑት። አንገቱን ወይም ክንዱን እዩት፤ ነጭ የጨው መስመር ካለ ብዙ ወጥቶታል።

ከውሃው ጎን የስኳርና የጨው ውሃም አዘጋጁ። ፋርማሲ የሚሸጠው የኦ አር ኤስ ከረጢት ካለ ጀርባው ላይ በተጻፈው መጠን በጥብጡት። ከሌለ ለአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ስድስት ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልክ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው። ልክ ማለት ማንኪያው ላይ የተቆለለውን በቢላ ጀርባ ጠርጋችሁ ማለት ነው። በግምት አይሠራም። ቅመሱት። ከእንባ የበለጠ ጨዋማ ከሆነ ድፉትና እንደገና ጀምሩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ውሃ ብቻ ሊትር በሊትር ላይ የሚጨምር፣ ሆዱ የተነፋ፣ ራሱን የሚያመውና የሚያቅለሸልሸው ሰው ካያችሁ ሌላ ውሃ አትቅዱለት። ሰውነቱ ውስጥ ያለው ጨው ቀጥኖ ሊሆን ይችላል። አስቀምጡት፣ ጨው ያለበት ነገር ይብላ፣ ካልተሻለው ወይም መወዛገብ ከጀመረ ሐኪም ጋ ይሂድ።

አቀዳዱ ላይ ደግሞ ይህችን ልብ በሉ። ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን ተሸክማችሁ በየሰዉ ጠርሙስ ላይ አታዘንብሉ። ወገባችሁ ይቆረጣል፣ ግማሹም መሬት ይጠጣዋል። መጀመሪያ ወደ ጆግ፣ ከጆግ ወደ ጠርሙስ። ክዳኑን ባለቤቱ ራሱ ይክፈት። የጆጉ አፍ የጠርሙሱን አፍ አይንካ፤ ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጋችሁ ቅዱ። ሰው አፉ ላይ ሲያደርገው የዋለ ጠርሙስ ነው፤ ያቺ ንክኪ የአንዱን ጉንፋን ለአርባ ሰው ታዳርሳለች።

5. ምግብ

የእኔ ጠረጴዛ ላይ አራት ነገር አለ፦ ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ቅቅል ድንች፣ በሶ።

ሙዙን ሐሙስ ወይም ዓርብ ግዙት፣ ጫፉ ገና አረንጓዴ ሳለ። እሁድ ልኩን ይይዛል። ሳትልጡ ከመሀል ለሁለት ቁረጡት። ግማሽ ሙዝ ሰው ጓንት እንዳደረገ ከልጣጩ ገፍቶ ይበላዋል፣ ሙሉ ሙዝ ግን ግማሹ ይጣላል። ብርቱካኑን ለአራት። ድንቹን ትናንሹን መርጣችሁ ቅዳሜ ማታ በልጣጩ ቀቅሉት፣ ጠዋት በጨርቅ ጠቅልላችሁ ውሰዱት፣ ከጎኑ ጨው በሰሃን። የፈረንጅ ጣፋጭ አፉን ያሰለቸው ሰው ድንችና ጨው ሲያይ ዓይኑ እንዴት እንደሚበራ ብታዩ!

በሶ የድሮ መንገደኛ ስንቅ ነው፣ ዛሬም አላረጀም። በውሃ ቀጠን አድርጋችሁ በስኳር ወይም በማር በጥብጡት። ጭብጦ አድርጋችሁ ከሠራችሁም በአንድ ጉርሻ የሚያልቅ ይሁን። ቆሎ እወዳለሁ፣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ግን አላስቀምጥም። የሚያለከልክ ሰው ቆሎ ሲቅም ትን ይለዋል። ቆሎው ለእናንተ ለበጎ ፈቃደኞቹ ይሁን።

ጾም አትርሱ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ በእነዚያ ሳምንታት እሁድም ቢሆን ቅቤና ወተት የለም። ጭኮ ካመጣችሁ ለብቻው ይቀመጥ፣ «ቅቤ አለበት» ተብሎ ይነገር። ከላይ ያሉት አራቱ ሁሉም የጾም ስለሆኑ ነው ደግሞ የመረጥኳቸው። በረመዳን የሚጾም ሳይክለኛ ሊመጣ ይችላል፤ ውሃም አይጠጣም። ጥላ ስጡት፣ መቀመጫ ስጡት፣ ፊቱን የሚያጥብበት ውሃ አሳዩት። ለምን እንደማይበላ ማንም አይጠየቅ።

እኛ አገር ግብዣ ያለ ግፊያ አይሆንም። «በሞቴ፣ አንዲት ብቻ» እንላለን። ቤት ውስጥ ያምራል። እዚህ ግን ተዉት። ሆዱን የሞላ ሰው ቀጣዩ ዳገት ላይ ያስመልሰዋል። አንዴ አቅርቡ፣ አይበላም ካለ እሺ በሉ።

6. ጠዋት

የመጀመሪያው ሳይክለኛ ከሚደርስበት አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ጋቢ ወይም ወፍራም ጃኬት፣ ኮፍያ፣ የራሳችሁ ምሳ፣ የተሞላ ስልክና ፓወር ባንክ። በመስከረምና በጥቅምት ሰማዩ ቢጠራም በበልግ ወራት ድንገት ያካፋል፤ ሸራ ያዙ።

ሁለት ጠረጴዛ ካላችሁ አራርቃችሁ አስቀምጡ። ውሃው ሳይክለኛው ከሚመጣበት በኩል ይቅደም፣ ምግቡ ከአሥር እርምጃ በኋላ። አንድ ላይ ከሆኑ ሰው እዚያው ይከመራል፣ ጭራው አስፋልት ላይ ይወጣል። እጅ መታጠቢያው ከምግቡ በፊት። ማዳበሪያው ከምግቡ በኋላ፣ ሰው ልጣጭ ይዞ ሲሄድ እግሩ ሥር እንዲያገኘው። ሳይክሎቹ ከሁሉም ወደ ውስጥ ገብተው ይተኙ፣ ሰንሰለቱ ያለበት ጎን ወደ ላይ ሆኖ።

ከጣቢያው ሁለት መቶ ሜትር በፊት «ውሃ» ብላችሁ በትልቁ የጻፋችሁበት ካርቶን ስቀሉ።

ሳይክለኞቹ እስኪመጡ ያለችው ግማሽ ሰዓት የልጆቹ ናት። የሱሉልታ ልጆች ሯጭ አይተው ነው ያደጉት፤ ሜዳው የአትሌቶች መለማመጃ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ «ሩጫ ነው?» ይላሉ። ሳይክል ነው ስላቸው ትንሽ ቅር ይላቸዋል። እኔም እነግራቸዋለሁ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ላይ ስትሳተፍ፣ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን፣ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ሄደው ነበር። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። አንዱ ልጅ አሰብ አደረገና «ሳይክሉ የራሱ ነበር?» አለኝ። ያን ቀን ያንን ልጅ ጉብታው ላይ አቁመነው ሳይክለኛ ሲያይ እንዲያፏጭልን አደረግን። አንድም አላመለጠው።

7. ሰው ሲደርስ

መጀመሪያ ፊቱን እዩ፣ ከዚያ ጠርሙሱን። አብዛኛው ሰው ደህና ነው፤ ውሃ ይሞላል፣ ግማሽ ሙዝ ይዞ ይሄዳል። ለእሱ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል። ጊዜያችሁን ለዝምተኛው አቆዩት። ከሳይክል ወርዶ መሪው ላይ የተደፋ፣ ሲያናግሩት ቶሎ የማይመልስ፣ በፀሐይ የሚንቀጠቀጥ ሰው ካያችሁ አንድ ሰው ከእሱ ጋር ይቀመጥ።

እየነዳ ለሚያልፍ ሰው ኩባያ አታቀብሉ። ቆሞ ይጠጣ። ይህ ውድድር አይደለም፣ አንድ እጁን ለቆ ከናንተ ጋር የሚጋጭበት ምንም ምክንያት የለም።

ርቀት ሲጠይቋችሁ እውነቱን ተናገሩ። እኛ ሰው እንዲበረታ ብለን «ደርሰሃል፣ እዛች ጋ ናት» ማለት ይቀናናል። «እዛች» የተባለችው ቦታ ስምንት ኪሎ ሜትር ስትሆን የሰውዬው ልብ መንገድ ላይ ይሰበራል። ቅዳሜ መንገዱን ስታዩ ኪሎ ሜትሩን ጻፉት። «ከዚህ 6 ኪሎ ሜትር ነው፣ የመጀመሪያዋ ሁለቷ ዳገት ናት፣ ከዚያ ሜዳ» የምትል አንድ ዓረፍተ ነገር ከመቶ «አይዞህ» ትበልጣለች። «አይዞህ»ንም ጨምሩበት እንጂ አትተዉት።

ሰው ሲነሳ መንገድ ዳር የቆመው በጎ ፈቃደኛ ከኋላ የሚመጣውን መኪና አይቶ ይልቀቀው። አህያ ጭኖ ወደ ገበያ የሚሄድ ሰውና የበግ መንጋ ካለ ቅድሚያው የእነሱ ነው። ሳይክለኛው ይጠብቃል።

8. ሳይክል ሲበላሽ፣ ሰው ሲጎዳ

የጥገና ሳጥኑ ውስጥ ፓምፕ፣ ጎማ ማውለቂያ፣ የመለጠፊያ ላስቲክ፣ ማስቲሽ፣ የብሎን መፍቻዎች፣ የሰንሰለት ዘይት፣ አሮጌ ጨርቅ ይኑር። የሳይክል ጎማ አየር መሙያ ጫፍ ሁለት ዓይነት ነው፣ ወፍራምና ቀጭን። ፓምፓችሁ ሁለቱንም መሙላቱን ቤት ሞክሩት። ቀጭኗ ጫፏ ላይ ያለችው ብሎን ካልተፈታች አየር አታስገባም፤ ብዙ ሰው ፓምፑ የተበላሸ ይመስለዋል። በአቅራቢያው ያለ ጎሚስታ እሁድ የሚሠራ ከሆነም ቅዳሜ ጠይቁ።

ጎማ የበሳውን ነገር ሳታገኙ ጎማውን መልሳችሁ አትግጠሙ። እሾህ ወይም የሽቦ ቁራጭ ውጪኛው ጎማ ውስጥ ተሰክቶ ይቀራል፣ አዲሱንም በአሥር ደቂቃ ይበሳዋል። ውስጡን በጨርቅ ዳብሱት፣ በባዶ ጣት አይደለም።

ሲመለሱ ከእንጦጦ ትከሻ ወደ አዲሱ ገበያ ቁልቁለቱ ረጅም ነው። ስለዚህ በመመለሻ ላይ ያለ ጣቢያ ሁሉ ፍሬን ያይ። ፍሬኑን አጥብቃችሁ ያዙና ሳይክሉን ወደፊት ግፉ። ጎማው ከዞረ ያ ሰው ነድቶ አይወርድም፣ መኪና ይሳፈር። ቢያኮርፍም።

ለተጋጋጠ ጉልበትና ክርን፦ በንጹህ ውሃና ሳሙና አሸዋው እስኪወጣ እጠቡት፣ በንጹህ የቁስል ፋሻ ሸፍኑት። ሁልጊዜ ከዳር የሚቆም አንድ ሰው «ቡና አድርጉበት» ይላል። ቡናም፣ የጥርስ ሳሙናም፣ አፈርም አይደረግበትም። የሚደማ ከሆነ በንጹህ ጨርቅ ጫን ብላችሁ ያዙት፣ በየደቂቃው እያነሳችሁ አትዩት።

ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ሌላ ጉዳይ ነው። ሄልሜቱ ተሰንጥቆ ከሆነ፣ ካስመለሰው፣ «ከየት ተነሳህ? አብሮህ ማን ነበር?» ስትሉት ከተምታታበት፣ ደህና ነኝ ቢልም ሳይክሉን ያዙበት። አንገቱን ካመመው አታንቀሳቅሱት፣ ሄልሜቱንም አትፍቱ። ራሱን ለሳተ ሰው ውሃ አይሰጥም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ ፖሊስ 991። ስልክ ከመደወላችሁ በፊት የቆማችሁበትን ቦታ በአካባቢው ሰው አጠራር እወቁት፤ «ሱሉልታ መንገድ ላይ» ማለት ብቻ ለሹፌር ምንም አይነግረውም። እኛ ይህን ቅዳሜ እማማን ጠይቀን ካርቶን ላይ ጽፈን ጠረጴዛው ላይ እንለጥፈዋለን።

9. ቆጠራ

ቆጣሪው ሌላ ሥራ አይሠራም። ውሃም አይቀዳም፣ ፎቶም አያነሳም። ሳይክለኞቹ ደረታቸው ላይ ቁጥር ካላቸው ቁጥሩንና ሰዓቱን ይጻፍ። ከሌላቸው አራት ጭረት፣ አምስተኛዋ አግድም። ሳይቆም ያለፈም ይቆጠራል።

በየግማሽ ሰዓቱ ከእናንተ በፊት ያለው ጣቢያ ጋ ደውሉ። እዚያ 76 ካለፈ፣ እናንተ ጋ 71 ከሆነ፣ መሀል ላይ አምስት ሰው አለ። አምስቱን ጠብቁ። ኔትወርክ እምቢ ካለ አንድ ሰው በሳይክል ወይም በባጃጅ ወደ ኋላ ይሂድ።

ጣቢያው ሲከፈት ጀምሮ አንድ ነገር ደብቁ። አሥር ሊትር ውሃ፣ አንድ እጅ ሙዝ፣ ጥቂት ድንች፣ በጨርቅ ተሸፍኖ ከጠረጴዛው ሥር። የመጨረሻዎቹ አሥር ሰዎች ድርሻ ነው። ጎበዞቹ ሦስት ጊዜ ቢወስዱ አይነካም፣ እናንተም ቢርባችሁ አይነካም። ብዙ ጊዜ ከሁሉም በላይ ውሃ የሚያስፈልገው ሰው ከሁሉም ኋላ የሚመጣው ነው። ረጅሙን ሰዓት ፀሐይ ላይ የቆየው እሱ ነውና። በ2011 ዓ.ም. በተጀመረው «መንገድ ለሰው»፣ አስፋልቱ ለመኪና ተዘግቶ በነበረባቸው እሁዶች፣ መንዳት የተማረ ሰው አሁን ከከተማ ወጣ ብሎ ዳገት ሊሞክር ይመጣል። እሱም ኋላ ነው የሚገኘው።

የመጨረሻው መኪና ሲደርስ ሹፌሩን «ሁሉም አልፏል?» አትበሉት። «አዎ» ማለት ቀላል ነው። «መጨረሻ ያየኸው ሰው ቁጥሩ ስንት ነው? ምን ለብሷል? የት አየኸው?» በሉት። መልሱን ከወረቀታችሁ ጋር አስተያዩት። መኪና የተሳፈሩትንም አብራችሁ ቁጠሩ። ቁጥሩ ካልገጠመ አትነሱም፤ ከመኪና መስኮት የሚጮኽ ሰው ምንም ቢል።

10. ስትነሱ

ልጣጩን እማማን ጠይቃችሁ ለከብቶቻቸው ስጡ፤ አንዳንዴ ብርቱካኑን አይፈልጉትም፣ ሙዙን ይወስዳሉ። ፌስታልና ላስቲክ አንድም ሳይቀር ይዛችሁ ተመለሱ፣ ከብት ይበላዋል። ባዶ ሃይላንዱ በተባለው ሰው በኩል ለልጆቹ። መቶ ሜትር ወደፊትና ወደኋላ እየሄዳችሁ ልቀሙ፤ ሰው እየነዳ የሚጥለው እዚያ ነው። በርጩማዎቹን ጠርጋችሁ መልሱ፣ የሽንት ቤቱን ክፈሉ፣ «ገለቶማ» በሉ። የተረፈውንና ያጠረውን ቁጥር እዚያው ጻፉና ለአስተባባሪው ላኩ፤ ማታ አታስታውሱትም።

ጠረጴዛው ግን ከሁሉም መጨረሻ ነው የሚታጠፈው። ከዳገቱ አፋፍ ላይ ለሚወጣ ሰው መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። ሁሉም ነገር ታስሮ፣ መኪናው ላይ ተጭኖ፣ ጠረጴዛው አንድ ጆግ ውሃና ሁለት ሙዝ ይዞ ብቻውን ይቁም። አንድ ሰው ወደ አፋፉ ሄዶ ቁልቁል ይመልከት። አስፋልቱ ባዶ ከሆነ ተመልሶ ይንገራችሁ፣ ያኔ እጠፉት።